0.70 ከየት መጣ?

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች በሥራ አመራር ለሁለተኛ ዲግሪ የሚቀርቡ የመመረቂያ ጽሑፎችን ያገላበጠ ሰው ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል። መጠይቁ ለጥቂት ሠራተኞች ተሰጥቶ ተሞከረ፤ የክሮንባክ አልፋ ተሰላ፤ ውጤቱ ከ0.70 በላይ ሆነ፤ ስለዚህ መለኪያው አስተማማኝ ነው። ከጎኑ ብዙ ጊዜ «ነናሊ፣ 1978» የሚል ማስረጃ ይጠቀሳል። ይህ አንቀጽ የእኛ ብቻ አይደለም፤ መጠይቅ በሚበተንበት አገር ሁሉ ቃሉ ሳይለወጥ ይገኛል። እዚህ የምንከታተለው ቁጥሩን ነው፦ ማን አወጣው፣ ለየትኛው ሥራ አወጣው፣ ወደ እኛ ሲመጣስ ምን ምን እየተራገፈ መጣ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መነሻው የእንግሊዝ ጦር መኮንን የነበረው ቻርልስ ስፒርማን ነው። ስፒርማን ወታደርነቱን ትቶ ጀርመን አገር ላይፕዚግ በቩንት ዘንድ ሥነ ልቦና ለመማር ገባ፤ በቦር ጦርነት ጊዜ እንደገና ወደ አገልግሎት ስለተጠራ ትምህርቱን የጨረሰው በ1906 ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ግን፣ ገና ተማሪ ሳለ፣ ዘመናዊው የመለኪያ ጥናት የቆመበትን ነጥብ ጽፎ ነበር። ሁለት ነገሮች ስንለካ መለኪያዎቹ ራሳቸው ስሕተት ካለባቸው፣ በነገሮቹ መካከል የምናየው ተዛምዶ ከእውነተኛው ያነሰ ይሆናል። እውነተኛውን ለመገመት መጀመሪያ የመለኪያው ስሕተት ምን ያህል እንደሆነ መታወቅ አለበት።

ስሕተቱን እንዴት እናውቅ? በ1910 በብሪታንያ የሥነ ልቦና መጽሔት አንድ እትም ላይ ስፒርማንና ዊልያም ብራውን ለየብቻቸው አንድ ዓይነት ቀመር ይዘው ወጡ። ፈተናውን ለሁለት ክፈሉት፤ የግማሾቹን ተዛምዶ አስሉ፤ ከዚያ ለሙሉው ርዝመት አስተካክሉት። ዘዴው ቀላል ቢሆንም አንድ ቀዳዳ ነበረበት። 10 ጥያቄ ያለው ፈተና እኩል ለእኩል የሚከፈልባቸው መንገዶች 126 ናቸው፤ እያንዳንዱ አከፋፈል የራሱን ቁጥር ይሰጣል። ደስ ያለውን የመረጠ ተመራማሪ ደስ ያለውን ውጤት ሊያገኝ ይችላል ማለት ነው። በ1937 ኩደርና ሪቻርድሰን ሳይኮሜትሪካ በተባለው መጽሔት ላይ ክፍፍሉን ጨርሶ የሚያስቀር ቀመር አወጡ። በጽሑፋቸው ውስጥ ተራ ቁጥሩ ሃያኛ ስለነበረ እስከ ዛሬ «ኬአር 20» ይባላል። የሚሠራው ግን ትክክል ወይም ስሕተት ተብለው ለሚታረሙ ጥያቄዎች ብቻ ነበር።

በዚህ መሀል አመለካከትን ለመለካት የተነሱ ሰዎች ሌላ መንገድ ይዘው ነበር። ሉዊስ ተርስተን በ1928 አመለካከት ሊለካ እንደሚችል ተከራከረ፤ በሚቀጥለው ዓመት ከቼቭ ጋር ሆኖ ሰዎች ለቤተ ክርስቲያን ያላቸውን አመለካከት የሚመዝን መሣሪያ አሳተመ። የሥራው ልፋት ራሱ ታሪክ ነው። 130 ዐረፍተ ነገሮች ተሰበሰቡ፤ 300 ዳኞች እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር ከድጋፍ እስከ ተቃውሞ በ11 ክምር ደለደሉ፤ ከዚያ ውስጥ 45ቱ ተመረጡ። ሬንሲስ ሊከርት በ1932 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ጥናቱ ዳኞቹን አሰናበታቸው። መላሹ ራሱ ከአምስት ደረጃዎች አንዱን ይምረጥ፤ ነጥቡ ይደመር፤ ከድምሩ ጋር የማይሄደው ጥያቄ ይውጣ። ውጤቱ ከተርስተን ብዙም እንደማይርቅ አሳየ፤ ድካሙ ግን በእጅጉ ቀነሰ።

መጠይቅ ወደ ሥራ አመራር ጥናት የገባው በአብዛኛው በዚሁ በሊከርት በኩል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሊከርት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የናሙና ጥናት ማዕከል አቋቁሞ የፋብሪካና የቢሮ ሠራተኞችን ስለ አለቆቻቸው መጠየቅን ሳይንሳዊ ሥራ አደረገው። በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ደግሞ የመሪዎችን ጠባይ የሚገልጹ ወደ 1,800 የሚጠጉ ዐረፍተ ነገሮች ሰብስበው ወደ 150 ዝቅ አደረጉ፤ ቀጥለውም በፋክተር አናሊስስ፣ ማለትም አብረው የሚሄዱ ጥያቄዎችን በየቡድናቸው በሚለይ ስሌት፣ ሁለት ዋና ዋና ገጽታዎችን (ፋክተሮችን) አወጡ፦ ለሰው ማሰብና ሥራን ማዋቀር። ያኔ ኮምፒውተር በየጠረጴዛው አልነበረም፤ አንድ የፋክተር ስሌት ሳምንታት ይፈጅ ነበር።

ሊ ክሮንባክ በ1951 በሳይኮሜትሪካ ያሳተመው ጽሑፍ የኬአር 20ን ቀመር አሰፋው። አሁን ከ1 እስከ 5 ለሚመለስ የሊከርት ጥያቄም ያገለግላል። ክሮንባክ ያሳየው ዋና ነገር አልፋ ከሁሉም የክፍፍል መንገዶች የሚገኙት ቁጥሮች አማካይ መሆኑን ነው፤ በባለ 10 ጥያቄው ፈተና የ126ቱ አማካይ መሆኑ ነው። እንዲያ ሲሆን ደስ ያለውን ክፍፍል የመምረጥ ዕድሉ ቀረ። ቀመሩ ራሱ አዲስ አልነበረም፤ ሉዊስ ገትማን በ1945 በሌላ ስም አውጥቶት ነበር። ክሮንባክ የግሪኩን የመጀመሪያ ፊደል የሰጠው ወደፊት ሌሎች ቁጥሮችን በሌሎች ፊደላት ሊያስከትል አስቦ ነው። ሐሳቡ ግን በመጀመሪያው ፊደል ላይ ቆመ።

አልፋ ምን እንደሚያይና ምን እንደማያይ ለመረዳት በወረቀት ላይ ማስላት ይበቃል። በጥያቄዎቹ መካከል ያለው አማካይ ተዛምዶ 0.30 ነው እንበል፤ ይህ መካከለኛ የሚባል ነው። ጥያቄዎቹ 4 ከሆኑ አልፋ 0.63 ይሆናል። 8 ሲሆኑ 0.77፣ 12 ሲሆኑ 0.84 ይደርሳል። የጥያቄዎቹ ጥራት አንድ ስንዝር አልተሻሻለም፤ የበዛው ቁጥራቸው ብቻ ነው። የባሰም አለ። 16 ጥያቄ ወስደን 8ቱ አንድ ነገር፣ 8ቱ ከዚያ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ሌላ ነገር ይለኩ፤ በየቡድናቸው ውስጥ ተዛምዷቸው 0.30 ይሁን፣ በቡድኖቹ መካከል ዜሮ። አልፋው 0.72 ይመጣል። ሁለት የማይገናኙ ነገሮች የተደባለቁበት መጠይቅ የ0.70ን በር አልፎ ይገባል። ይህን ጉዳይ ኮርቲና በ1993 ለድርጅት ጥናት አንባቢዎች በዝርዝር አስቀምጦታል፤ የሚያነቡት ብዙ ናቸው፣ የሚሠሩበት ግን እንደዚያ አይመስሉኝም።

ተገቢነት፣ ማለትም መለኪያው እለካዋለሁ የሚለውን ነገር መለካቱ፣ ራሱን የቻለ ክርክር ነበረው። ክሮንባክና ፖል ሚል በ1955 አንድ መለኪያ የሚረጋገጠው በንድፈ ሐሳቡ ውስጥ ከሌሎች ነገሮች ጋር በሚኖረው የግንኙነት መረብ ነው አሉ። በ1959 ካምቤልና ፊስክ ይህን ወደ ሥራ አወረዱት፦ የተለያዩ ባሕርያትን በተለያዩ ዘዴዎች ለካ፤ አንዱ ባሕርይ በሁለት ዘዴ ሲለካ የሚገኘው ተዛምዶ፣ ሁለት ባሕርያት በአንድ ዘዴ ሲለኩ ከሚገኘው መብለጥ አለበት። ሁሉንም ነገር በአንድ ቀን፣ በአንድ ወረቀት፣ ከአንድ ሠራተኛ የሚጠይቅ ጥናት ይህን ፈተና ሊወስድ እንኳ አይችልም።

ወደ 0.70 እንመለስ። ጃም ነናሊ የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ መምህር ነበረ። የሳይኮሜትሪክ ንድፈ ሐሳብ የተሰኘው መጽሐፉ መጀመሪያ የወጣው በ1967 ነው። በዚያ እትም ላይ፣ ገና በጅምር ላይ ላለ ምርምር 0.50 ወይም 0.60 ይበቃል አለ፤ ምክንያቱም ውጤት ላይሰጥ ለሚችል ሐሳብ መሣሪያ ሲያሻሽሉ ዓመታት ማቃጠል አያዋጣም። ለመሠረታዊ ምርምር ከ0.80 በላይ መግፋት ብዙ ጊዜ ብክነት ነው። በግለሰብ ላይ ውሳኔ ለሚሰጥበት ሥራ ግን 0.90 የመጨረሻው ዝቅተኛ ነው፣ የሚፈለገውም 0.95 ነው። በ1978 ሁለተኛው እትም ሲወጣ የጅምር ምርምሩ ልክ 0.70 ሆነ። ሌሎቹ በነበሩበት ቀሩ።

እንግዲህ ሁሉም ሰው የሚጠቅሰው ቁጥር ከሦስቱ ዝቅተኛው ነው፤ የተሰጠውም ገና ለሚሞከር መሣሪያ ነው። ለሠላሳ ዓመት ሲሠራበት የኖረን መጠይቅ በ0.70 ማሳለፍ ነናሊ ያለው አይደለም። ቻርልስ ላንስና ሁለት ባልደረቦቹ በ2006 አራት የተለመዱ የቁጥር ድንበሮችን እስከ ምንጫቸው ተከትለው ሲሄዱ አንዱ ይኸው ነበር፤ ያገኙትም የተጠቀሰው መጽሐፍና የሚጠቀስበት ነገር እንደማይገጥሙ ነው።

ከ1978 በኋላ መሣሪያው በፍጥነት ተራቀቀ። ስዊድናዊው ካርል ዮሬስኮግ በ1969 ያወጣው የማረጋገጫ ፋክተር አናሊስስ ሊዝረል በተባለው ፕሮግራም አማካይነት ለሁሉም ደረሰ። ጊልበርት ቸርችል በ1979 ለገበያ ጥናት ሰዎች መለኪያ የሚሠራበትን ሂደት ከጽንሰ ሐሳብ ትርጉም ጀምሮ ደረጃ በደረጃ አስቀመጠ። ፎርኔልና ላርከር በ1981 የጥያቄዎቹ ልዩነት ቢያንስ ግማሹ ከሚለካው ነገር እንጂ ከስሕተት እንዳይመጣ የሚጠይቅ መስፈርት ጨመሩ። ድንበሮቹ በዙ፤ የዛሬ ተማሪ በአንድ ሠንጠረዥ ላይ አምስት ስድስት ቁጥር ይደረድራል። ይህን ሁሉ እዚህ መዘርዘር አያስፈልግም፤ አንድ መጠይቅ የደረሰበትን በቅርብ ማየት ይሻላል።

ሪቻርድ ሃክማንና ግሬግ ኦልድሃም በ1975 ያወጡት የሥራ መመርመሪያ መጠይቅ በድርጅት ጥናት ውስጥ እጅግ ከተሠራባቸው መለኪያዎች አንዱ ነው። የአንድን ሥራ አምስት ባሕርያት ይለካል፦ የሚጠይቀው ክህሎት ብዛት፣ ሥራው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ሰው እጅ መሠራቱ፣ ለሌሎች ያለው ፋይዳ፣ ለሠራተኛው የሚተወው የራስ ውሳኔ፣ ከሥራው የሚገኘው ግብረ መልስ። ለእያንዳንዱ ሦስት ጥያቄ፣ በድምሩ 15፤ መልሱ ከ1 እስከ 7። የተፈተሸው በሰባት ድርጅቶች በሚገኙ 62 የሥራ ዓይነቶች ላይ በተሰማሩ 658 ሠራተኞች ነው። የአምስቱ ባሕርያት አስተማማኝነት ከ0.59 እስከ 0.71 ነበረ። ያኔ የ0.70 ድንበር ገና አልተጻፈም ነበር።

ደራሲዎቹ ጥንቃቄ አድርገው ነበር። ሰው ሳያነብ ሁሉንም «እስማማለሁ» እያለ እንዳያልፍ፣ ከየሦስቱ ጥያቄዎች አንዷን በተቃራኒው ጻፏት፤ ለምሳሌ የክህሎቷ ጥያቄ ሥራው ቀላልና ድግግሞሽ የበዛበት መሆኑን ትጠይቃለች። ነጥቧ ኋላ ይገለበጣል። እንዲህ ያሉ አምስት ጥያቄዎች ነበሩ። ሌሎች ተመራማሪዎች ግን በየናሙናቸው ፋክተሮቹን ሲያወጡ አምስቱ ባሕርያት አንዴ ይታያሉ፣ አንዴ ይጠፋሉ። ለዓመታት ጥፋቱ በንድፈ ሐሳቡ ላይ ተጣለ።

በ1987 ኢዳሳክና ድራስጎው የቀደሙ ናሙናዎችን መልሰው ሲመረምሩ ስድስተኛ ፋክተር አገኙ። በዚያ ላይ የተሰበሰቡት አምስቱ የተገለበጡ ጥያቄዎች ነበሩ፤ ስለ አምስት የተለያዩ ነገሮች የሚጠይቁ፣ የሚመሳሰሉት በአጻጻፋቸው ብቻ የሆኑ ጥያቄዎች። ከሁለት ዓመት በፊት ሽሚትና ስታልትስ በኮምፒውተር አስመስለው በሠሩት ስሌት፣ ከመላሾቹ 10 በመቶ ብቻ መገልበጡን ሳያስተውሉ ቢያልፉ እንዲህ ያለ የውሸት ፋክተር እንደሚፈጠር አሳይተው ነበር። ኢዳሳክና ድራስጎው አምስቱን ጥያቄዎች በቀና አጻጻፍ ለወጧቸውና ለሌላ የሠራተኞች ቡድን ሰጡ፤ አምስቱ ባሕርያት ተለይተው ወጡ።

ነገሩ ግን በዚህ አልተዘጋም። በ1988 ኦልድሃም ራሱ ከኩሊክና ከላንግነር ጋር ሆኖ ሁለቱን ቅጂዎች አወዳደረ። አዲሱ ለአምስቱ ፋክተሮች የተሻለ ይስማማል፤ የሠራተኛውን እርካታና ሌሎች ውጤቶች በመተንበይ ግን ከአሮጌው አልበለጠም። ማለትም ንጹሕ የፋክተር ሠንጠረዥና ጠቃሚ መለኪያ አንድ አይደሉም። እኔ የኢዳሳክንና የድራስጎውን ማስተካከያ እመርጣለሁ፤ የአጻጻፍ ስሕተት መሆኑ የታወቀ ነገር በመለኪያ ውስጥ መቆየት የለበትም። የኦልድሃምን ማስረጃ ግን የሚያፈርስ አላየሁም።

ክሮንባክ ያረፈው በ2001 ጥቅምት ላይ ነው። በሕይወቱ መጨረሻ፣ የ1951ዱ ጽሑፍ ኀምሳ ዓመት ሲሞላው ስለ አልፋ ያለውን የመጨረሻ ሐሳብ በቃል እየተናገረ አስጻፈ፤ ሪቻርድ ሻቭልሰን አዘጋጅቶት በ2004 ታተመ። ቀመሩ በስሙ መጠራቱ እንደሚያሳፍረው፣ አልፋን ብቸኛ መመዘኛ ማድረግም እንደማይበጅ ገለጸ። ስለ አንድ መሣሪያ ከሁሉ በፊት መነገር ያለበት የመለኪያው መደበኛ ስሕተት ነው ባይ ነበረ፤ ይህ ስሕተት የሚነገረው በራሱ በመጠይቁ ነጥብ ነውና ማንም ይረዳዋል።

ስሌቱ ቀላል ነው። ከ1 እስከ 5 በሚመለስ የሥራ እርካታ መጠይቅ ላይ መደበኛ ልይይቱ 0.80፣ አልፋው 0.70 ይሁን። የመለኪያው መደበኛ ስሕተት 0.44 ይመጣል። 3.5 ያገኘች ሠራተኛ እውነተኛ ነጥቧ በ95 በመቶ ርግጠኝነት ከ2.6 እስከ 4.4 ባለው ውስጥ ነው፤ ቅሬታ ያላት ልትሆን ትችላለች፣ በሥራዋ የረካችም ልትሆን ትችላለች። የመቶዎችን አማካይ ለማነጻጸር ይህ ያን ያህል አይጎዳም፤ እሷን ከቦታዋ ለማንሳት ወይም ለመሾም ግን አይሆንም። ነናሊ ለግለሰብ ውሳኔ የጠየቀው 0.90 ቢገኝ እንኳ ክልሉ ከ3.0 እስከ 4.0 ነው።