ካራና አፎት፤ ከጭልሞ ደን ዳር እስከ አምቦ ገበያ

ስለ አገራችን የብረታ ብረት ሥራ ታሪክ በተነሣ ቁጥር በቅድሚያ የሚወሳው በ1859 ዓ.ም. በዐፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ በጋፋት የተሠራው ሴባስቶፖል መድፍ ነው። ይህ የሚያስደንቅ አይደለም። መድፉ ግዙፍ ነው፤ ያሠራው ንጉሠ ነገሥት ነው፤ በሥራው የተካፈሉት አውሮፓውያን ሚስዮናውያንም ስማቸው በጽሑፍ ተላልፏል። ይሁን እንጂ መድፉ ወደ መቅደላ ሲጎተት በጎታቾቹ ወገብ ላይ የነበሩትን ካራዎች ማን እንደ ቀጠቀጣቸው፣ አፎታቸውንስ ማን እንደ ሰፋው የጻፈ የለም። ሴባስቶፖል አንድ ጊዜ ተሠርቶ ቀረ፤ ካራው ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም በየገበያው ሲሠራና ሲሸጥ ኖሯል።

በቀድሞው ዘመን ነገሥታቱና መኳንንቱ ከዓመቱ ብዙውን ወራት በድንኳን ያሳልፉ ስለ ነበር የመንግሥቱ ኑሮ በአብዛኛው የሜዳ ኑሮ ነበር። ዛሬ የከተማ ክፍል መጠሪያ የሆነው «ሰፈር» የተባለው ቃል እንኳ ጦር ያረፈበትን ቦታ ያመለክት ነበር። በአዲስ አበባ ብዙ ሰፈሮች በመኳንንት ስም የሚጠሩት በዚሁ ምክንያት ሲሆን፣ ሠራተኛ ሰፈርም ስሙን ያገኘው እዚያ ከሰፈሩት የቤተ መንግሥት የእጅ ባለሙያዎች ነው። በእንዲህ ያለ ኑሮ ውስጥ ሻምላና ጎራዴ ለውጊያና ለማዕረግ ሲያገለግሉ፣ ካራ ለቀሪው ሁሉ ያገለግል ነበር። ዘማቹ ቋንጣውን ይቆርጥበታል፤ ለጭነት የሚሆነውን ጠፍር ይሰነጥቅበታል፤ የድንኳኑን ካስማ ያሾልበታል፤ ሰንጋ ሲታረድም ድርሻውን ያነሣበታል። ገበሬውና እረኛውም ከዘማቹ የተለየ ፍላጎት አልነበራቸውም።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ላይ መኳንንቱ ከታጠቋቸው ጎራዴዎች የብዙዎቹ ስለት የተሠራው ከባሕር ማዶ፣ በተለይም በጀርመን አገር በሶሊንገን እና በለንደን በዊልኪንሰን ፋብሪካ ነበር። ስለቱ ይምጣ እንጂ አፎቱ የሚሰፋው በአገር ውስጥ ነበር፤ ቀይ የለፋ ቆዳ ለብሶ፣ ለትልቅ ሰው ሲሆን ደግሞ ከፋይ ተጨምሮበት። ስለዚህ የመኳንንቱ ጎራዴ እኩሌታው የውጭ ሲሆን፣ የገበሬው ካራ ግን ከጫፍ እስከ እጀታ የአገር ሰው እጅ ሥራ ነበር።

ይህን ሥራ በቅርብ ለመመልከት ምዕራብ ሸዋ ምቹ ቦታ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምት የሚወስደው መንገድ ጊንጪን፣ አምቦን፣ ጉደርንና ጌዶን ያገናኛል፤ ከጊንጪ በስተሰሜን ደግሞ ጽድ፣ ዝግባና ወይራ የበዛበት የጭልሞ ደን ይገኛል። ለቀጥቃጭ ደን ማለት በመጀመሪያ ከሰል ማለት ነው። ከሰል በክብደት ሲመዘን ከደረቅ እንጨት እጥፍ ያህል ሙቀት ይሰጣል፤ ብረትን የሚያበላሽ ድኝም የለበትም ማለት ይቻላል። ወይራው ለእጀታ ይሆናል፤ በደኑ ዳር የሚሰማራው ከብት ደግሞ ቀንዱንና ቆዳውን ይሰጣል። የደኑን ጥበቃና አጠቃቀም የነዋሪዎች ማኅበራት በ1990ዎቹ ዓ.ም. መረከባቸው ራሱን የቻለ ሌላ ታሪክ ስለ ሆነ እዚህ አይዘረዘርም።

በአካባቢው ኦሮሞ ዘንድ ቱምቱ የሚባለው ቀጥቃጭ ዋና ሥራው ማረሻ፣ ማጭድና መጥረቢያ ሲሆን፣ ካራ በመካከል የሚሠራ ነው። ዋጋውንም ብዙ ጊዜ የሚቀበለው አዝመራ ሲገባ በእህል ነበር። የመሣሪያው ቁጥር ጥቂት ነው፤ ከፍየል ቆዳ የተሰፋ ጥንድ ወናፍ፣ የሸክላ አፍንጫ፣ መስፍ፣ መዶሻ፣ ጉጠትና ሞረድ።

የካራው ታሪክ በይበልጥ የብረቱ ታሪክ ነው። በመጀመሪያው መቶ ዘመን በግሪክኛ የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የጉዞ መጽሐፍ በአዱሊስ ወደብ ከሚራገፉት ሸቀጦች መካከል የህንድ ብረትና አረብ ብረት፣ መጥረቢያና ስለታም መሣሪያ ይቆጥራል። ይህም ጥሩ ስለት የሚወጣው ብረት ከጥንት ጀምሮ በከፊል ከውጭ ይገባ እንደ ነበር ያሳያል። በአገር ውስጥም ብረትን ከድንጋይ የማውጣት ሙያ ነበር፤ ከምዕራብ ሸዋ ቀጥሎ ባለው በወለጋ እስከ 20ኛው መቶ ዘመን ድረስ ዘልቋል። ንጹሕ ብረት የሚቀልጠው በ1538 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን በወናፍ የሚነፋው የሸክላ ምድጃ ግን እዚያ አይደርስም። በመሆኑም ዝቃጩ ቀልጦ ይወርዳል እንጂ ብረቱ እንደ ሰፍነግ ተቦርቡሮ ይቀራል፤ እርሱም በመዶሻ ተደብድቦ ይጠራል። እንዲህ የተገኘ ብረት ካርቦኑ አነስተኛና ያልተስተካከለ ነው። ለማረሻ ይበቃል፤ ለካራ ግን ስለቱ ቶሎ ይዶለዱማል።

የጅቡቲው የባቡር ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ፣ ይበልጡንም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጣሊያን ወረራ ዘመን መኪናና የመኪና መንገድ ሲበዛ፣ ለቀጥቃጩ ያልታሰበ ጸጋ መጣለት። እርሱም ስሙን ከጣሊያንኛ የወረሰው ባሌስትራ ነው። የተሰበረ ባሌስትራ ለሾፌር ጉዳት ሲሆን ለቀጥቃጭ ሀብት ሆነ፤ ከመቶው 0.6 ያህል ካርቦን ያለበት፣ ተመጥኖ የተሠራ አረብ ብረት ነውና። ያረጀ ሞረድም እንደዚሁ ይፈለጋል፤ ካርቦኑ ከመቶው 1 ስለሚበልጥ ግን ይበልጥ ይጠነክራል፤ ይበልጥም ይሰበራል።

አዲሱ ብረት አዲስ ጥበብ ጠየቀ። የቀድሞው ብረት በውሃ ቢነከርም ባይነከርም ብዙ ልዩነት አያሳይም ነበር። ባሌስትራ ግን ከ800 እስከ 850 ዲግሪ ግሎ በድንገት ከቀዘቀዘ እንደ መስተዋት ይሆናል፤ ከመጠን በላይ ከጋለና ውሃ ውስጥ ከተጣለም ይሰነጠቃል። ስለዚህ ልምድ ያለው ቀጥቃጭ ስለቱን ብቻ ነክሮ ጀርባውን ከውሃው በላይ ይይዘዋል። ከዚያ ያወጣውና በድንጋይ ፈግፍጎ ያበራዋል፤ በጀርባው የቀረው ሙቀት ቀስ ብሎ ወደ ስለቱ ሲወርድም ቀለሙን ይጠባበቃል። የገለባ ቢጫ ሲመጣ ወደ 220 ዲግሪ ደርሷል፤ ቡናማ ሲሆን 250 ያህል ነው፤ ሰማያዊ ከመጣ 300 ደርሷልና ለካራ አልፏል። ተፈላጊው ቀለም እንደ ታየ ዳግመኛ ይነክረዋል። እንዲህ የተሠራ ካራ ስለቱ ጠንካራ፣ ጀርባው የማይሰበር ይሆናል። በመማሪያ መጻሕፍት ብዙ ገጽ የሚፈጀውን ይህን ሥራ ቀጥቃጩ ያለ ሙቀት መለኪያና ያለ ሠንጠረዥ ይፈጽመዋል፤ መለኪያው ዓይኑ ነው።

ዓይን ደግሞ የጋለ ብረት ቀለም ለመለየት ጥላ ይፈልጋል። በጠራራ ፀሐይ ላይ ቀይ የጋለ ብረት ያልጋለ ይመስላል። የቀጥቃጩ ጎጆ ጨለምተኛ መሆኑ፣ ሥራውንም በማለዳ ወይም በምሽት ማዘውተሩ የሙያው ግዴታ ነው። ነገር ግን ጎረቤቱ ይህን በሌላ ዓይን ተመለከተው። በጨለማ ከእሳት ጋር የሚውል ሰው ቡዳ ነው ተባለ፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል ተብሎም ተወራበት። በካራው ሥጋ የሚቆርጥ ሰው ካራውን ከሠራው ሰው ጋር በአንድ ማዕድ መቅረብን ጠላ። ሴት ልጁንም አልሰጠውም፤ ቀጥቃጩ የሚጋባው ከመሰሎቹ ጋር ብቻ ሆነ። የአፎቱ ሠሪ ዕጣም የተሻለ አልነበረም፤ ቆዳ ፋቂ የሚለው የሙያ ስም ራሱ ስድብ እስከ መሆን ደረሰ።

የአፎት ሥራ ግን ከቀጥቃጩ ሥራ ያላነሰ ማስተዋል ይጠይቃል። ቆዳው ተፍቆ ጠጉሩ ከተነሣ በኋላ በእምቧይ ፍሬና በዛፍ ልጥ ይለፋል፤ በመጨረሻም በሞራ ወይም በቅቤ ይታሻል። ለአፎት የተመረጠው ቁራጭ ርጥብ ሳለ በስለቱ ቅርጽ ላይ ተጠምጥሞ በወስፌ እየተበሳ በቀጭን ጠፍር ይሰፋል። ሲደርቅ ስለሚኮማተር ካራውን አጥብቆ ይይዛል፤ ባለካራው ቢሮጥ ወይም ከበቅሎ ቢወርድ አይወድቅበትም። ስፌቱ ከስለቱ ጥቂት ካልራቀ ካራው ሲወጣና ሲገባ ጠፍሩን ይቆርጠዋል፤ በጣም ከራቀ ደግሞ ካራው ውስጥ ለውስጥ ይንቀሳቀሳል። በልጥ የለፋ ቆዳ በውስጡ የሚቀረው አሲድ ርጥበት ሲያገኝ ብረቱን ያጠቁረዋል፤ ያዝገዋልም። በጭልሞ አካባቢ እንደሚዘንበው ባለ ክረምት ካራውን በአፎቱ ውስጥ ማሳደር ስለማያዋጣ፣ አዋቂ ሰው ስለቱን ሞራ ቀብቶ ከምድጃ አጠገብ ይሰቅለዋል።

ንቀቱን በሕግ ለማስቀረት የተደረገ ሙከራ አለ። ዐፄ ምኒልክ በጥር ወር 1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ የሰው ልጅ ሁሉ የአዳምና የሔዋን ዘር መሆኑን አስታውሰው፣ ባለ እጅን በሙያው መስደብን ከለከሉ። አዋጁ የነገሩን ሥር የተገነዘበ ነበር፤ ሆኖም ቀጥቃጩንና ፋቂውን ባለ መሬት አላደረጋቸውም። እነዚህ ባለሙያዎች በብዙ ቦታ ርስት ስላልነበራቸው የሚኖሩት በሌላው መሬት ላይ፣ በባለ መሬቱ መልካም ፈቃድ ነበር። ለዚህ ጉዳይ ይበልጥ የጠቀመው የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው የ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 31 ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይህም ቢሆን በሙያው ላይ ያልተጠበቀ ውጤት ነበረው፤ መሬት ያገኘ ቀጥቃጭ መስፉን ትቶ ሞፈር ለመጨበጥ በቂ ምክንያት ነበረውና፣ ልጁም ስድብ ያተረፈለትን ሙያ ለመውረስ አይጓጓም።

ዛሬ በአምቦም ሆነ በጊንጪ ከውጭ የመጣ የፋብሪካ ቢላዋ በርካሽ ይገኛል። ስለቱ ቀጭን፣ እጀታው ፕላስቲክ ነው፤ አፎት የለውም፤ የታሰበው ለማእድ ቤት ነውና። ደን ለሚገባና ከብት ለሚከተል ሰው ግን ከባሌስትራ የወጣው ወፍራም ካራ አሁንም ተመራጭ ነው። የሶሊንገንና የዊልኪንሰን ስለቶች የሠሪያቸውን ስም ተቀርጾባቸው ሲይዙ፣ በዚህ ካራ ላይ ምንም ምልክት የለም። ገዢው ከጆሮው አጠገብ አድርጎ በጥፍሩ ይመታዋል፤ ድምፁ ከጠራ ይገዛል፤ ደንቆሮ ድምፅ ከሰጠ ስንጥቅ አለበትና ለቀጥቃጩ ይመልስለታል።