በመተማ ስለ ሆነው ነገርና ፍርሃት በእምነት ስለ መሸነፉ

ከጎንደር ተነሥቶ በጭልጋ በኩል ወደ ምዕራብ የሚወርድ መንገደኛ የደጋውን ነፋስ ከኋላው ትቶ፥ የሰሊጡንና የጥጡን አገር ይዞ ሸሕዲን ሲያልፍ፥ በመጨረሻ መተማ ዮሐንስ ትቀበለዋለች። ከተማዪቱ በስማቸው የተጠራችላቸው ንጉሠ ነገሥት ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በዚያ ስፍራ በ1881 ዓ.ም. እንደ ቈሰሉ የማያውቅ የዚህ ቈላ ልጅ የለም። ነገር ግን ይህ ታሪክ ሲነገር የሚሰማው ስለ ጀግንነት ብቻ ነው፤ ስለ ፍርሃት የሚናገር ጥቂት ነው። እምነት ያለው ሰው ፍርሃት አይደርስበትም ተብሎ ስለሚታሰብ፥ የአባቶችን ፍርሃት ማንሣት እንደ ነውር ይቈጠራል። የቈላ ሰው ግን ነገሩን ያውቀዋል። ደገኛው ካህን ወደ ቈላ ወርደህ አገልግል በተባለ ጊዜ ንዳዱን ፈርቶ ቤተ ዘመዱን እንደ ሞተ ሰው ተሰናብቶ ይወርድ ነበር፤ ፈርቶም ቢሆን ይወርድ ነበር።

የቤተ ክርስቲያን ትምህርትም ከዚህ ጋር ይስማማል። ፍርሃት የሥጋ ጠባይ ነው እንጂ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ጌታችን ሥጋችንን በእውነት እንደ ለበሰ ሊያስረዳ በጌቴሴማኒ ሌሊት አዘነ፥ ተጨነቀ፥ ጸለየም። ጴጥሮስም በባሕር ላይ መሄድ በጀመረ ጊዜ ነፋሱ አስቀድሞ ይነፍስ ነበር፤ ሊሰጥም የጀመረው ዓይኑን ከጌታው አንሥቶ ነፋሱን ባየ ጊዜ ነው። እንግዲህ ሰው ሲመረመር የሚጠየቀው ፈራ ወይስ አልፈራም ተብሎ ሳይሆን፥ በፈራ ጊዜ ዓይኑን ወዴት አደረገ ተብሎ ነው። የመተማ ነገር በዚህ ሚዛን ሲመዘን ከተለመደው አነጋገር የተለየ መልክ ያሳያል።

ጠቡ እንዴት እንደ ተጀመረ በአጭሩ መናገር ይበቃል። በ1876 ዓ.ም. በዐድዋ በተደረገው ውል ዐፄ ዮሐንስ፥ በሱዳን በመሐዲ ሰዎች የተከበበው የግብጽ ጦር በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጣ ሊረዱ ከእንግሊዝ ጋር ተስማሙ፤ ቦጎስም ተመለሰላቸው። ከዚያ ወዲህ ደርቡሾች ኢትዮጵያን በጠላትነት ያዟት። በ1878 ዓ.ም. መጀመሪያ ራስ አሉላ ኩፊት ላይ ድል አደረጓቸው። በጥር 1879 ዓ.ም. ደግሞ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ወደ መተማ ወርደው ከተማዪቱን ያዙ፥ ዘረፉም። ይህ የመጨረሻው ነገር በወገን አፍ ሲተረክ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ መዝለል ግን አይገባም፤ የጎንደር እሳት ከዚያ የተጫረ ነውና።

በዓመቱ ደርቡሾች በአቡ አንጃ አዝማችነት ወጡ። ጥር 10 ቀን 1880 ዓ.ም. ከተራ ነበረ፤ ታቦታት ከየመንበራቸው ወጥተው ወደ ውኃ የሚወርዱበት ዕለት ነው። በዚያ ቀን በደምቢያ ሳር ውኃ ላይ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጦር ተሸነፈ፥ ጎንደርም ያለ ጠባቂ ቀረች። በጥቂት ቀን ውስጥ ጠላት ገብቶ የቅኔውን፥ የዜማውንና የመጻሕፍቱን ከተማ አቃጠለ፤ አብያተ ክርስቲያናቱን ዘረፈ፥ ብዙ ሰውም እየማረከ ወደ ቈላ ነዳ። ከተማዪቱ ከ21 ዓመት በፊት፥ በ1859 ዓ.ም. በዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ተዘርፋና ተቃጥላ ነበረች፤ ስለዚህ ሽማግሌዎቿ እሳት ከክርስቲያን እጅም እንደሚመጣ ያውቁ ነበር።

ከዚያ ጥፋት ከተረፉት አንዱ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው። ንብ ከቅጽሩ ወጥቶ ጠላትን አባረረ እየተባለ እስከ ዛሬ ይተረካል፤ ምእመናንም ትረካውን ይወዱታል፥ ሊወዱትም ይገባል። ነገር ግን ይህን የሚሰማ ሰው አንድ ጥያቄ ይቀረዋል፤ ንብ ያልወጣላቸው የተቃጠሉት አድባራትስ ካህናታቸው እምነት ጐድሏቸው ነበርን? እንዲህ የሚል ቢኖር ሰማዕታትን ሁሉ እምነት የጐደላቸው ሊያደርጋቸው ነው። እምነት ከእሳት የሚያድንበት ቀን አለ፤ በእሳት ውስጥ የሚያጸናበትም ቀን አለ። ሁለቱን ያልለየ ሰባኪ ቤቱ የተቃጠለበትን ሰው በሁለተኛ እሳት ያቃጥለዋል።

በዚያ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ በሦስት ወገን ተጨንቀው ነበር። በሰሜን ኢጣልያኖች ከምጽዋ ወደ ላይ እየገፉ ነበር፤ ራስ አሉላ በጥር 1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ ቢመቷቸውም፥ በ1880 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው እስከ ሰሐጢ ወርደው ምሽጉ ጽኑ ስለ ሆነ ሳይዋጉ ተመለሱ። በደቡብ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተማክረውባቸው ነበር፤ በዚህም ቂም የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ጎጃምን አጠፋ፥ ድኻውም ያለ በደሉ ተቀጣ። በምዕራብ ደርቡሽ ነበረ። በዚህ ላይ የከብቱ እልቂት ገብቶ የክፉ ቀን ረኃብ ጀምሮ ነበር።

በዚህ ጭንቀት መካከል፥ በ1881 ዓ.ም. በታኅሣሥ ገደማ፥ ዐፄ ዮሐንስ ወደ አቡ አንጃ የእርቅ ደብዳቤ ላኩ። የነገሩም ፍሬ ይህ ነበረ፤ እናንተ ወደ እኛ አገር እኛም ወደ እናንተ አገር እየተመላለስን በደል የሌለበትን ድኻ ለምን እናስፈጃለን፤ የሁለታችንም ጠላት ፈረንጅ ነው፥ እኛን ድል ካደረገ እናንተንም አይተዋችሁም፤ ስለዚህ ተስማምተን ነጋዴዎቻችን ይመላለሱ የሚል ነው። ከአቡ አንጃ የተመለሰው መልስ ግን ስድብና እስላም ሁኑ የሚል ጥሪ ነበረ።

ይህን ደብዳቤ ከፍርሃት የጻፉት ነው የሚል አለ፤ ለንጉሥ ክብር አይስማማም ብሎ ዝም የሚለውም አለ። ሁለቱም አልመረመሩም። ፈሪ ሰው ከሚጠላው ጋር ለመነጋገር አይደፍርም፤ ንቀት እንዳይደርስበት ይፈራልና። ጎንደር የተቃጠለችበት ንጉሥ ለአቃጣዩ የሰላም ቃል ሲልክ ሰው ምን ይለኛል የሚለውን ፍርሃት አስቀድሞ አሸንፏል። ከዘመቻው ሁሉ ይልቅ ይህ ደብዳቤ የበለጠ እምነት ሳይጠይቃቸው አልቀረም።

ሆኖም እውነት ከተነገረ ሙሉው ይነገር። እኚሁ ንጉሥ በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የወሎ እስላሞች ወይ እንዲጠመቁ ወይ አገር እንዲለቁ አዘው ነበር። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ተባሉ፤ ሼክ ጠልሐን የመሰሉት ግን እንቢ ብለው ተነሡ፥ ብዙ ደምም ፈሰሰ። ለራሳቸው ሞትን ያልፈሩ ንጉሥ በሌላው ልብ ፍርሃትን የእምነት በር አደረጉት። በዚህ በር የገባ እምነት ሥር አይሰድም፤ ፍርሃቱ ሲነሣ አብሮ ይነሣልና። ይህን መናገር ንጉሡን ማሳነስ አይደለም። ደግሞስ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን በቆሙበት በዚህ ቈላ የሚኖር ክርስቲያን ይህን ካልተናገረ ማን ሊናገረው ነው?

እርቁ ሲቀር ንጉሠ ነገሥቱ ወደ መተማ ዘመቱ። አቡ አንጃ ታምሞ ሞቶ ነበረና በስፍራው ዘኪ ጡማል ከተማዪቱን በእሾኽ አጥር አጥሮ ይጠብቅ ነበር። ዘመኑ ዘመነ ማቴዎስ ነው፤ መጥቅዕ 2 ስለ ሆነ ዐቢይ ጾም የካቲት 19 ገብቶ ነበር። ውጊያው መጋቢት 1 ቀን፥ በልደታ፥ ቅዳሜ ሆነ፤ ጾሙ ከተያዘ ገና ሁለተኛው ሳምንት ነበር። የኢትዮጵያ ጦር ጥይቱን ንቆ አጥሩን ሰበረ፥ ወደ ውስጥም ገባ፤ ድሉም በእጁ ሊሆን ተቃረበ። በዚያን ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ተመቱ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ለዚህ ጽሑፍ ዋናው ነው። አጥሩን ያፈረሰው ጦር፥ እሳትና ጥይት ያልመለሰው ሠራዊት፥ ንጉሥ ተመታ የሚል አንድ ወሬ ከአፍ ወደ አፍ ባለፈ ጊዜ ተፈታ። ጠላት አልጨመረም፥ ጥይትም አልበዛም፤ ቃል ብቻ ነው የተሰማው። የሠራዊቱ ተስፋ በአንድ ሰው ላይ ተንጠልጥሎ ኖሮ ሰውየው በወደቀ ጊዜ ተስፋውም ወደቀ። የድፍረቱ ብዛት ከፍርሃት አላዳነውም፤ ድፍረት የደም ሙቀት ሲሆን ደም ሲቀዘቅዝ ይቀዘቅዛልና። በዚያ የሸሹትን መንቀፍ ግን ቤቱ ለተቀመጠ ሰው አይገባም። በሜዳው ዘመድ የሞተበት፥ ቈስሎ የተጣለ፥ ውኃ የጠማው ብዙ ነበረ፤ ጾመኛም ነበረ።

ዐፄ ዮሐንስ ልጃቸውን ራስ መንገሻን ለመኳንንቱ አደራ ሰጥተው በማግሥቱ፥ በምኵራብ እሑድ፥ ዐረፉ። አስከሬናቸውን ይዞ ወደ ትግሬ የተመለሰው ወገን ጥቂት ነበረ። መጋቢት 4 ቀን በአትባራ ወንዝ አጠገብ ደርቡሾች ደረሱበት።

በዚያ የአስከሬኑ ሣጥን አጠገብ የንጉሡ አጎት ራስ አርአያ ቆመው ነበር። ጥይታቸው አልቆ ነበር፤ የቀራቸው ሰይፍና ጋሻ ብቻ ነው። ታሪኩን ከሰሙት ሰዎች አግኝቶ የጻፈው እንግሊዛዊው ዋይልድ እንደሚተርከው፥ ከሣጥኑ ሳይለዩ ሲከላከሉ ቆይተው ከኋላቸው በጦር ተወጉ። በዚያ ሰዓት ድል የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሹመት የሚሰጥ ንጉሥም ሞቷል፤ የሚጠበቀው ሬሳ ብቻ ነው። ሬሳን በክብር መቅበር የክርስቲያን ግዴታ ስለ ሆነ፥ ትንሣኤንም የሚጠብቅ ሰው ሥጋን እንደ ጕድፍ ስለማይጥል፥ በዚያ ቆሙ። ፍርሃት አልነበራቸውም ማለት አይቻልም፤ ፈርተው ከሆነም ፍርሃታቸው እግራቸውን አላንቀሳቀሰውም። በመጀመሪያው ቀን በአጥሩ ላይ የታየው ጀግንነት እልፍ ሆኖ የታየ ነው፤ በአትባራ ዳር የታየው ግን የጥቂት ሰው ነው፥ በእምነት ከተመዘነም የሚከብደው ይህኛው ነው።

የንጉሠ ነገሥቱ ራስ ተቈርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ፥ በሕዝብም ፊት ታየ። ደርቡሾች ግን በመተማ ብዙ ሰው አልቆባቸው ነበርና ከዚያ ወዲህ እንደ ቀድሞው ጎንደርን ለማጥፋት አልወጡም። ዐሥር ዓመት ሳይሞላ፥ በ1890 ዓ.ም. መጨረሻ፥ በኦምዱርማን ሜዳ በእንግሊዝ መድፍ አለቁ። ዐፄ ዮሐንስ በደብዳቤው እንዳሉት፥ ፈረንጁ እነርሱንም አልተዋቸውም።

መተማ ዮሐንስና ማዶዋ ገላባት ዛሬም ተያይተው ይኖራሉ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜ፥ ልጆቻቸውን በጀርባ ያዘሉ ሴቶችና ሽማግሌዎች በብዙ ሺህ እየሆኑ በዚያው በር ወደ ኢትዮጵያ ገቡ፤ ብዙዎቹም እስላሞች ነበሩ። ደርቡሽ ወደ ጎንደር በወጣበት፥ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም ጦር ወደ መተማ በወረደበት በር እየፈሩ ገቡ፤ የቈላውም ሰው ውኃ ይዞ ተቀበላቸው።