ጠፋ የተባለ ማን አለ?

ጦር ሜዳ ላይ በየዕለቱ የሚጻፍ አጭር ሪፖርት አለ፦ ስንት ሞተ፣ ስንት ቆሰለ፣ ስንት ጠፋ? ኮሪያም ውስጥ እንዲሁ ነበር። ቃኘው ሻለቃ በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር፣ በ32ኛው ሬጅመንት ሥር ተመድቦ ስለነበር ውሎው ከሻለቃ ወደ ሬጅመንት፣ ከሬጅመንት ወደ ክፍለ ጦር በቁጥር ይተላለፍ ነበር።

እኛ ጎጃሞች ግን ሞትን በቁጥር አንናገርም። ወግ አለው። ሽማግሌዎች ተጠራርተው፣ ገና በማለዳ ደጅ ደርሰው መርዶውን በስም ያረዳሉ። "ጠፋ" ለተባለ ሰው ግን መርዶ የለም። ለቅሶ አይቀመጡለት፣ ተዝካር አያወጡለት። ቤተሰቡ ደጅ ደጁን እያየ ይኖራል።

ቃኘዎች እ.ኤ.አ. በ1951 ኮሪያ ገቡ። ከ120 በላይ ሞቱ፣ ከ500 በላይ ቆሰሉ። በ1953 ጦርነቱ ቆሞ ምርኮኞች ሲለዋወጡ ግን ከተመለሱት መሀል አንድም ኢትዮጵያዊ አልነበረም፤ የተማረከ የለማ! የወደቀ ጓዳቸውንም ጥለው አይመለሱም ነበር።

ይህንን ሁሌ በጀግንነት ብቻ እናወራዋለን። ይሁን፣ ጀግንነት ነው። እኔ ግን ከዚያ በላይ ደግነት ይታየኛል። ሬሳ ተሸክሞ በጥይት መሀል የተመለሰ ወታደር፣ አገር ቤት ላለች አንዲት እናት ቁርጧን አሳወቃት። ቁርጥን ማወቅ ደግሞ፣ ልጅ ለላከ ሰው፣ ትንሽ ነገር አይደለም።