የሆልሆል ድልድይና የማለፊያው ዋጋ



ከጅቡቲ ከተማ ተነሥቶ አሮጌውን የባቡር ሐዲድ ተከትሎ ወደ አገራችን የሚያመራ ሰው ሁለት ትልልቅ የብረት ድልድዮች ያገኛል። አንደኛው ከከተማው 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የሸበሌ ድልድይ ነው። ሁለተኛው ሁላችንም የምናውቀው የሆልሆል ድልድይ ነው። ርዝመቱ 138 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከደረቁ ወንዝ ወለል እስከ ሐዲዱ ያለው ከፍታ 29 ሜትር ያህል ነው። ዛሬ የአሮጌው መስመር ባቡር ስለ ቆመ ከላዩ የሚያልፍ የለም። ከሥሩ ግን ፍየሎች ያልፋሉ፤ እረኞችም ከጥላው ያርፋሉ።

ይህን ድልድይ ስለ ሠሩት መሐንዲሶችና ገንዘብ ስላወጡት ባለሀብቶች ብዙ ተጽፏል። ድልድዩ ሲሠራና መስመሩ ሲከፈት የአገሩ ሰው ምን አለ? ማን ደስ አለው? ማንስ ተከፋ? የሚለው ጥያቄ ግን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቃል ይታለፋል። «ሕዝቡ አላዋቂ ስለ ነበረ ብረቱን ፈራው» ይባላል። እኛ ይህን አባባል አንቀበለውም። የተቃወሙት ሰዎች የተቃወሙት ብረቱን ሳይሆን የማለፊያው ገንዘብ ወዴት እንደሚሄድ አይተው ነው ብለን እናምናለን። ምክንያታችንን ከዚህ በታች እንዘረዝራለን።

በመጀመሪያ ድልድዩ ከመምጣቱ በፊት መንገዱ እንዴት እንደ ነበረ እንመልከት። ጅቡቲ ራስዋ የድሮ ከተማ አይደለችም። ፈረንሳዮች በ1854 ዓ.ም. (1862 እ.ኤ.አ.) ኦቦክን በውል ከያዙ በኋላ፣ በ1880 ዓ.ም. (1888 እ.ኤ.አ.) ገደማ ወደ ደቡቡ ዳርቻ ተሻግረው የቆረቆሯት ወደብ ናት። ከእርስዋ በፊት የታወቁት በሮች ዘይላና ታጁራ ነበሩ። ከዘይላ የሚነሣው ጭነት ወደ ሐረር፣ ከታጁራ የሚነሣው ወደ ሸዋ በግመል ይጓዝ ነበር። ነጋዴው ብቻውን አይሄድም፤ በሶማሌው አገር አባን የሚባል መንገድ መሪና ጠባቂ ይይዛል። አባኑ ስለ ነጋዴው ሕይወትና ስለ ዕቃው በጎሳው ፊት ዋስ ነው። ለእርሱም፣ ለግመል ባለቤቱም፣ ለጎሳው አለቃም ገንዘብ ወይም ጨርቅ ይከፈላል። ወደ ደጋው ሲወጣ ደግሞ የየገዢው ኬላ ይጠብቀዋል።

ስለዚህ መንገዱ ድሮ በነፃ ይታለፍ ነበር ማለት ትልቅ ስሕተት ነው። ማለፊያ ነበረ፤ አንዳንድ ጊዜም ነጋዴውን የሚያስለቅስ ማለፊያ ነበረ። ልዩነቱ ገንዘቡ በዚያው በመንገዱ ዳር መቅረቱ ነው። ግመል የሚያረባው፣ ውሃውን የሚያውቀው፣ ሌሊት እሳት አንድዶ የሚጠብቀው ሰው ከዚያ ይበላ ነበር።

በ1886 ዓ.ም. (1894 እ.ኤ.አ.) ዳግማዊ ምኒልክ የባቡር ሐዲድ የመሥራትን ፈቃድ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ሰጡ። ፈረንሳዊው ነጋዴ ሌዎን ሸፍኔም የሥራው ሸሪክ ሆነ። ፈቃዱ የ99 ዓመት ነበር። መስመሩ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦም እስከ ከፋና እስከ ነጭ ዓባይ እንዲደርስ ታስቦ ነበር። የምኒልክን ሐሳብ ለመረዳት አስቸጋሪ አይደለም። አገሪቱ የባሕር በር አልነበራትም፤ የጦር መሣሪያውም የንግድ ዕቃውም የሚመጣው በዚሁ በኩል ነበር። በ1889 ዓ.ም. (1897 እ.ኤ.አ.) ከፈረንሳይ ጋር በተደረገው ውልም ጅቡቲ የኢትዮጵያ ንግድ መውጫ በር መሆንዋ ታወቀ።

ይሁንና በፈቃዱ ውስጥ ሁለት ነገሮችን ልብ ማለት ያስፈልጋል። አንደኛው፣ ከቀይ ባሕርም ሆነ ከሕንድ ውቅያኖስ ወደ ኢትዮጵያ የሚገባ ሌላ ተወዳዳሪ የባቡር መስመር እንዳይፈቀድ መከልከሉ ነው። ሁለተኛው፣ የኩባንያው ትርፍ የተወሰነ መጠን እስኪደርስ ድረስ በመስመሩ ከሚያልፈው ዕቃ ላይ 10 በመቶ ለኩባንያው እንዲሰበሰብ መፈቀዱ ነው። ይህም ከጭነት ኪራዩ ሌላ ነው። እንግዲህ ከወደቡ በሐዲድ የሚወጣ ዕቃ የሸበሌንና የሆልሆልን ድልድይ ሳይሻገር መሄድ አይችልም። በመሆኑም ድልድዩ ድልድይ ብቻ አልነበረም፤ ከአየር ላይ የተንጠለጠለ ኬላ ነበር። ይህ ኬላ ገንዘቡን በመንገዱ ዳር የሚበትን ሳይሆን ሰብስቦ ባሕር የሚያሻግር ነበር።

ሥራው በ1890 ዓ.ም. (1897 እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ላይ ከጅቡቲ ተጀመረ። በ1893 ዓ.ም. ክረምት (1901 እ.ኤ.አ.) ባቡሩ እስከ ደወሌ ወሰን ድረስ 100 ኪሎ ሜትር ያህል መሥራት ቻለ። በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. (1902 እ.ኤ.አ.) ድሬዳዋ ገባ። አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። የሰው አስተያየት ምን ነበር?

የጅቡቲ ከተማ ሰው በጠቅላላው ደስ አለው። ደስ ሊለውም ይገባ ነበር። የመናዊው ነጋዴ፣ ግሪኩ ባለ ሱቅ፣ ከመርከብ ጭነት የሚያወርደው ሶማሌ፣ ሁሉም እንጀራቸው ከሐዲዱ ጋር ተያያዘ። ውሃ የሌለው የኮራል ደሴት ከተማ የሆነው በወደቡና በባቡሩ ነው። ነገር ግን የአንዱ መንቃት ለሌላው መተኛት ሆነ። ዘይላና ታጁራ ንግዳቸው እየቀጠነ ሄደ። የሶማሌና የአፋር ባለ ግመሎችም የሸዋንና የሐረርን ጭነት እየተነጠቁ መጡ።

በኢሳዎች አገር ግን ነገሩ ከዚህ የመረረ ነበር። ሐዲዱ በግጦሻቸውና በውሃቸው መካከል አለፈ። በሥራው ዘመን የሠራተኞች ሰፈሮች ተጠቁ፤ የሞቱም ነበሩ። የቴሌግራፍ ሽቦ ተቆረጠ፤ ብረት ተወሰደ። በዚያን ጊዜ የጻፉ አውሮፓውያን ይህን ሁሉ የሽፍትነትና የአላዋቂነት ሥራ አድርገው አዩት። ታዲያ ጥቃቱን ያበረደው ምን ነበር? ኩባንያውና የቅኝ ግዛቱ አስተዳደር ለጎሳ አለቆች ገንዘብ እየቆረጡ፣ ሰዎቻቸውንም ለጥበቃ እየቀጠሩ ነው መንገዱን ያረጋጉት። ነገሩን ስናጤነው ይህ ሌላ ሳይሆን የአባኑ ክፍያ በአዲስ ስም መመለሱ ነው። ብረትን የሚፈራ ሰው ብረቱ ካልተነሣ ፍርሃቱ አይለቀውም። ድርሻውን የተነጠቀ ሰው ግን ድርሻው ሲመለስለት ይመለሳል። አበው «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» እንደሚሉት፣ አጥሩ የተነቀነቀው አስቀድሞ ባለቤቱ ስለ ተናቀ ነው።

የሐረር ነጋዴም ቅሬታ ነበረው። ሐዲዱ ወደ ተራራው መውጣት ብዙ ወጪ ስለሚጠይቅ ከሥር በኩል በሜዳው አለፈ። በዚህም ምክንያት «አዲስ ሐረር» የተባለችው ድሬዳዋ ስትለመልም፣ ለዘመናት የንግድ መዲና የነበረችው ሐረር ወደ ዳር ቀረች። በዚህ ላይ የኩባንያው የጭነት ዋጋ ውድ ስለ ነበረ ባቡሩ ከተከፈተም በኋላ ግመል ጨርሶ አልጠፋም። በግመል የሚጭን ነጋዴ ቀንና ዕዳ ቆጥሮ የሚያዋጣውን የመረጠ ሰው ነው እንጂ ኋላ ቀር አይደለም።

በመጨረሻም የቤተ መንግሥቱን አስተያየት እንይ። አንዳንድ መኳንንት ባቡሩን የጠሉት ፈረንጅ በሐዲድ ይገባብናል በማለት ነበር። ይህንንም ብዙ ሰው ለመሳቂያ ይጠቅሰዋል። ነገር ግን በ1894 ዓ.ም. (1902 እ.ኤ.አ.) የሆነውን እንመልከት። ኩባንያው ገንዘብ ሲያጥረው ከፈረንሳይ መንግሥት ጋር ተስማማ። መንግሥቱ በዓመት 500,000 ፍራንክ ለ50 ዓመት ሊሰጥ፣ በለውጡም በኩባንያው ላይ ቁጥጥር ሊያገኝ ተዋዋሉ። ፈቃዱን የሰጡት ምኒልክ ግን አልተማከሩም። ለነጋዴ የተሰጠው በር በሌላ መንግሥት እጅ ገብቶ ተገኘ። ምኒልክ ተቆጡ፤ ሐዲዱም ድሬዳዋ ላይ ለዓመታት ቆመ። በታኅሣሥ 1899 ዓ.ም. (1906 እ.ኤ.አ.) እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ ስለ ኢትዮጵያ በተዋዋሉ ጊዜም ምኒልክ ውላቸው የእርሳቸውን ሥልጣን እንደማይወስን አስታወቁ። እንግዲህ መኳንንቱ የፈሩት ጭሱን ብቻ ነበር ለማለት ያስደፍራል?

የመጀመሪያው ኩባንያ ከስሮ ፈረሰ። በ1900 ዓ.ም. (1908 እ.ኤ.አ.) አዲስ ፈቃድ ተሰጥቶ የተቋቋመው የፍራንኮ ኢትዮጵያ ኩባንያ ሥራውን ቀጠለ። ሐዲዱም በ1909 ዓ.ም. (1917 እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ ገባ። ኢትዮጵያ የኩባንያውን ግማሽ ድርሻ ያገኘችውና ዋና መሥሪያ ቤቱ ከፓሪስ ወደ አዲስ አበባ የተዛወረው በ1952 ዓ.ም. (1959 እ.ኤ.አ.) በተደረገው ስምምነት ነው። የሆልሆል ድልድይ ከተሠራ ወደ 60 ዓመት ሊሆነው ነበር ማለት ነው። በድሬዳዋ ነጋድራስ የነበሩት ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፣ ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፋቸው፣ የኬላ ብዛት ንግድን እንደሚያንቅ፣ ጥሬ ዕቃ ሸጦ ያለቀለት ዕቃ የሚገዛ አገርም እንደሚደኸይ አስረድተዋል። የጅቡቲ ባቡርም ቡናና ቆዳ አውርዶ ጨርቅና ቆርቆሮ ይዞ ይመለስ ነበር። ብዙዎቹን ትንንሽ ኬላዎች አስንቆ አንድ ትልቅ ኬላ ተከለ ብንል ከእውነት አንርቅም።

ማለፊያ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ጅቡቲ ከተማ ራስዋ ታስረዳናለች። በነሐሴ 1958 ዓ.ም. (1966 እ.ኤ.አ.) ጄኔራል ደ ጎል ከተማዋን ሲጎበኝ ሕዝቡ ነፃነት ጠይቆ ተሰለፈ። ከዚያ በኋላ አስተዳደሩ ከተማዋን ከየብስ በኩል በሽቦ አጥር ዘጋት። ማን እንደሚገባ የሚወስነው የበሩ ጠባቂ ሆነ። ከአጥሩ ውጭ የቀረው ሰው የሠራው ሰፈር ነው ዛሬ ባልባላ የሚባለው። በሰኔ 1969 ዓ.ም. (1977 እ.ኤ.አ.) ጅቡቲ ነፃ ስትወጣ ደግሞ በወሰኑ ማዶ በኦጋዴን ጦርነት የሐዲዱ ድልድዮች እየፈረሱ ነበር። ዕቃ ቆመ፤ ሰው ግን በእግሩ ወደ ዓሊ ሳቢህና ወደ ዲኪል መጣ። ድልድይ ቢፈርስም የሚሰደድ ሰው መሻገሩን አይተውም።

ዛሬ አዲስ የኤሌክትሪክ ባቡር ተሠርቷል። በአዲስ አበባ በኩል በመስከረም 2009 ዓ.ም.፣ በጅቡቲ በኩል በነጋድ ጣቢያ በጥር 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። በአገራችንም ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ ያለው የክፍያ መንገድ በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ ጀምሯል፤ ከድሬዳዋ እስከ ደወሌም የክፍያ መንገድ ተዘርግቷል። እኛ በማለፊያ መክፈልን በደፈናው አንነቅፍም። መንገድ ገንዘብ ይፈጃል፤ ጥገናም ይፈልጋል። የአዳማውን ስናይ የድሮው መንገድ ያለ ክፍያ ክፍት ስለ ሆነ ባለ መኪናው መምረጥ ይችላል። በ1886ቱ ውል የጎደለው ይህ ምርጫ ነው።

ስለዚህ አዲስ ድልድይ በተከፈተ ቁጥር ሦስት ነገር መጠየቅ ይገባል እንላለን። የማይከፍል ሰው ሌላ መንገድ አለው ወይ? በድሮው መንገድ እንጀራ ይበላ የነበረው ሰው ምን ተሰጠው? የተሰበሰበውስ ገንዘብ የት ገባ? ለነዚህ መልስ ሳይሰጥ የሚያጉረመርመውን ሕዝብ አላዋቂ ማለት ዕዳን በስድብ መክፈል ነው። የዛሬ 120 ዓመት የሆልሆል እረኛና ባለ ግመል እነዚህን ጥያቄዎች በወረቀት አልጻፉም። ሽቦ ሲቆርጡ የጠየቁት ግን ይህንኑ ነበር።

የአባኖችን መብት፣ የግመል ኪራይን ልማድና የሐዲዱን ሥራ ከአያቶቻችሁ የሰማችሁ ካላችሁ ለሚቀጥለው እትም ጽፋችሁ አምጡልን። መጻፍ የማይችል ሽማግሌ ቢኖር ተቀምጠን እንጽፍለታለን። የኢሳና የአፋር ሽማግሌዎች የሚሉትንም መስማት እንፈልጋለን፤ የዚህ ድልድይ ታሪክ እስካሁን የተጻፈው ከላይ ሆነው በተሻገሩት ሰዎች ነውና።