ዱቄት የሆነ መድኃኒት ማንነቱ እንዴት ይታወቃል?

ቅጠሉ እንደ ተቀጠፈ፣ ሥሩም እንደ ተማሰ በሚታይበት ጊዜ መድኃኒት ዐዋቂ አይሳሳትም፡፡ መልኩን በዐይኑ፣ ሽታውን በአፍንጫው፣ ምሬቱንም በምላሱ ለይቶ በስሙ ይጠራዋል፡፡ ያው ተክል ደርቆና ተወቅጦ ዱቄት ከሆነ በኋላ ግን መልኩ ሁሉ ይጠፋል፡፡ ለሻጭ ተንኮል፣ ለገዢም ስሕተት በር የሚከፈተው በዚህ ጊዜ ነው፡፡ የመድኃኒት ዱቄትን በማይክሮስኮፕ የመመርመር ጥበብ ይህን በር ለመዝጋት የተገኘ ነው፡፡

ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፡፡ በ1665 እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ የቡሽን ቅራፊ በማይክሮስኮፕ ተመልክቶ በውስጡ ያየውን ጥቃቅን ክፍል ሕዋስ ብሎ ሰየመ፡፡ በ1838 ጀርመናዊው ማቲያስ ሽላይደን ተክል ሁሉ ከሕዋሶች የተሠራ መሆኑን አስተማረ፡፡ ይኸው ሊቅ በ1847 ሳርሳፓሪላ የተባለው የመድኃኒት ሥር ከየት አገር እንደ መጣ በሕዋሶቹ ቅርጽ መለየት እንደሚቻል አሳየ፡፡

ነገሩ የሕዝብ ጉዳይ የሆነው ግን በቡና ምክንያት ነው፡፡ በ1850 በሎንዶን ገበያ የተፈጨ ቡና ከተቆላ የቺኮሪ ሥር ጋር እየተደባለቀ ይሸጥ ነበር፡፡ የገንዘብ ሚኒስትሩ ሰር ቻርልስ ዉድ ድብልቁን በኬሚስትሪም ሆነ በሌላ ዘዴ ለይቶ ማወቅ እንደማይቻል ለፓርላማው ተናገረ፡፡ ዶክተር አርተር ሂል ሐሰል ግን በዚያው ዓመት ዱቄቱን በማይክሮስኮፕ መረመረ፡፡ የቡናው ፍሬ ግድግዳቸው ወፍራም በሆኑ ሕዋሶቹ፣ የቺኮሪው ሥር ደግሞ ውሃ በሚያመላልሱ ቧንቧዎቹ ተለይተው ታዩ፡፡ መቁላትም መፍጨትም ምልክቱን አላጠፋውም፡፡ ሐሰል ቀጥሎ መድኃኒቶችን ቢመረምር በኦፒየም ውስጥ የስንዴ ዱቄት ተቀላቅሎ አገኘ፡፡ በ1860ም እንግሊዝ ምግብና መጠጥ መበረዝን የሚከለክል ሕግ አወጣች፡፡

በዚያው ዘመን ኮሶ በኤውሮፓ መድኃኒት ቤቶች መሸጥ ጀምሮ ነበር፡፡ ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ዛፉን አስተዋውቆት ነበርና፣ በ1864 በብሪታንያ የመድኃኒት መዝገብ ውስጥ ተጻፈ፡፡ የኮሶ ዛፍ ወንዴውና ሴቴው ለየብቻ የሚበቅሉ ናቸው፤ ለመድኃኒትነት የሚፈለገውም ቀላ ያለው የሴቴው አበባ ነው፡፡ ዘለላው ሳይፈጭ ልዩነቱን ባላገሩ በዐይኑ ያውቀዋል፡፡ ከተፈጨ በኋላ ግን የሚመሰክረው የአበባው ብናኝ ነው፡፡ በሴቴው አበባ ላይ ተጣብቆ የቀረ ጥቂት ብናኝ ሊገኝ ይችላል፤ ብናኙ እጅግ የበዛ እንደሆነ ግን የወንዴው አበባ መቀላቀሉ ይታወቃል፡፡

የምርመራው አሠራር ቀላል ነው፡፡ ከዱቄቱ ቁንጥር ያህል ተወስዶ በመስተዋት ላይ ይደረጋል፤ ክሎራል ሃይድሬት በተባለው ፈሳሽ ሲሞቅ ሕዋሶቹ ጠርተው ይታያሉ፡፡ አዮዲን የነካው ስታርች ደግሞ ወደ ሰማያዊነት ይለወጣል፡፡ ይሁን እንጂ ማይክሮስኮፕ ብቻውን ስም አይናገርም፡፡ የታየው ነገር እውነተኛነቱ አስቀድሞ ከተረጋገጠ ናሙና ጋር መነጻጸር አለበት፤ ናሙናውንም የሚያመጣው ተክሉን በቦታው የሚያውቅ ሰው ነው፡፡ ዱቄት ሳይሆን ሕዋስ የሌለበት ጭማቂ በሚቀርብበት ጊዜም ሥራው የኬሚስትሪ ይሆናል፡፡

መጠንቀቁ ከንቱ አለመሆኑን በቤልጅግ የደረሰው አደጋ አሳይቷል፡፡ ለማቅጠኛ በተሰጠ መድኃኒት ውስጥ ስቴፋኒያ በተባለው የቻይና ሥር ፈንታ፣ በቻይንኛ ስሙ የሚመስለው መርዘኛው አሪስቶሎኪያ ገባ፡፡ አደጋው በ1993 ለሐኪሞች ተገለጠ፤ ከ100 የሚበልጡ ሰዎችም ኩላሊታቸው ተጎዳ፡፡ ጥፋቱ የመጣው አንድ ተክል በሌላው ስም በመጠራቱ ነው፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት በ1998 ስለ መድኃኒት ተክሎች ጥራት ባወጣው መመሪያም የማይክሮስኮፕ ምርመራ አንዱ ክፍል ነው፡፡

እንግዲህ መሣሪያው የባላገሩን ዕውቀት የሚሽር አይደለም፡፡ ሴቴውን ኮሶ ከወንዴው ለይቶ የሚቀጥፍ ሽማግሌ ዕውቀቱን ሳያወርስ ቢያልፍ፣ ማይክሮስኮፑ የሚያነጻጽርበት ናሙና ያጣል፡፡ ስለዚህ ተማሪ በትምህርት ቤት ሕዋስ ማየትን ሲማር፣ በመንደሩም የተክሉን ስም ከሚያውቁት ዘንድ ሊጠይቅ ይገባዋል፡፡