የቀለህ ዶቃና የኮምፒውተር ቁልፍ፦ የተጣለ ዕቃ፣ ትዝታና ሸመታ ከእንጦጦ ግርጌ ሲታዩ



የዛሬው ጉዳዬ የሚጀምረው ከአንድ ጥሪ ነው። ከሾላ እስከ ኮተቤ ባሉት የየካ መንደሮች የሚኖር ሰው ሁሉ ጠዋት ጠዋት ይሰማዋል፦ «ቆራሌው!» ቃሉ «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው ሐረግ የመጣ ነው ይባላል፤ እንደሚገዛው ዕቃ ሁሉ እርሱም በአገልግሎት ብዛት አልቋል። ቆራሌው ጠርሙሱን፣ ጣሳውን፣ የተሰበረውን ሬዲዮ በጆንያው ይሰበስባል፤ ከዚያም ብዙው መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ይደርሳል። ጣሳው ኩራዝ፣ በርሜሉ ምድጃ፣ የመኪናው ጎማ በረባሶ ሲሆን የኖረው በዚህ መንገድ ነው።

የሥነ ጥበብ ታሪክ መጻሕፍት ስለ «ተገኘ ዕቃ» ሲያወሩ አብዛኛውን ጊዜ ከማርሴል ዱሻምፕ ይነሣሉ። ዱሻምፕ በ1917 (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ) የሽንት መሽኛ ሸክላ በሐሰተኛ ስም ፈርሞ ኒው ዮርክ ለነበረ ዐውደ ርእይ አቀረበ። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነገር ግን ያ ዕቃ አዲስ መሆኑ ነው። ማንም አልተጠቀመበትም፤ ስለዚህ የሚያስታውሰውም ሰው አልነበረውም። የእኛ ዕቃ ከጥበበኛው እጅ የሚገባው በብዙ እጅ ካለፈ በኋላ ነው። ጥያቄውም ከዚህ የተነሣ ሌላ ይሆናል፤ ከእነዚያ እጆች ምን ይቀራል?

ለዚህ ጥያቄ ወደ ተራራው እንውጣ። ምኒልክ በ1886 አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ በፊት መናገሻቸው እንጦጦ ነበር። የተራራው ደን ለማገዶና ለግንባታ ተመነጠረ፤ በ1890ዎቹ ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ ቦታውን ተካ። ከዚያ ወዲህ የከተማዋ ምድጃ የነደደው በአብዛኛው በሴቶች ጀርባ ነው። ከ30 ኪሎ በላይ የሚመዝን የቅጠልና የጭራሮ ሸክም አዝለው ቁልቁለቱን ይወርዳሉ። ከእነርሱ አንዳንዶቹ ኤች አይ ቪ በደማቸው የተገኘባቸውና የእንጦጦን ጸበል ሽተው ከሩቅ አገር መጥተው በዚያው የቀሩ ናቸው።

ከእነዚህ ሴቶች መካከል ጥቂቶቹ ኋላ ላይ ሸክሙን ትተው ወደ እጅ ሥራ ገቡ። «እንጦጦ ቤት አርቲዛን» በሚል ስም የሚታወቀው ሥራ ከዚህ የተወለደ ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ በአሮጌ የውጊያ ሜዳዎች ገበሬዎች የሚለቅሟቸው ቀለሆች ይቀልጡና ዶቃ ይሆናሉ፤ ሴቶቹ ዶቃውን ሰክተው ድሪና አምባር ያበጁበታል። ሥራው እንጀራ ሆኗቸዋል፤ ይህን አቃልሎ የሚያይ ሰው ያን ሸክም አንድ ቀን ይሞክረው።

የታሪክ ሰው ግን ሌላም ነገር ያያል። የጥይት ቀለህ በግርጌው የፋብሪካ ምልክት፣ ብዙ ጊዜም የተሠራበት ዓመት ተመትቶበታል። በሌላ አነጋገር ትንሽ ሰነድ ነው፤ ከየት አገር፣ በየትኛው ዘመን፣ በማን ወዳጅነት እንደመጣ ይናገራል። ሲቀልጥ ይህ ጽሑፍ ይጠፋል። ዶቃው «ከጥይት የተሠራ» የሚለውን ስም እንደያዘ ይቀራል፤ የየትኛው ጦርነት ጥይት እንደነበር ግን ከእንግዲህ ሊነግረን አይችልም። ባሕር ማዶ ያለችው ሸማች የምትገዛው «ጦርነት ወደ ውበት ተለወጠ» የሚለውን ታሪክ ነው። እንዲህ ያለው ጦርነት ዘመንም ስምም ሙታንም የለውም፤ ለመሸጥ የሚመቸውም ስለዚህ ይመስለኛል።

ኤልያስ ስሜ የሄደው በተቃራኒው መንገድ ነው። በ1968 አዲስ አበባ የተወለደው ይህ ሠዓሊ በ1990 ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመረቀ። ከመስከረም አሰግድ ጋር በ2002 የመሠረቱት ዞማ በ2019 መካኒሳ ላይ ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ። ቀድሞ በልብስ ቁልፍ፣ በቆርኪና በክር ይሠራ ነበር፤ «ታይትሮፕ» በተሰኙት ተከታታይ ሥራዎቹ ደግሞ ከመርካቶ የሚገዛቸውን የኤሌክትሪክ ሽቦዎች፣ የኮምፒውተር ሰሌዳዎችና የፊደል ቁልፎች በእንጨት ገበታ ላይ ይጎነጉናል፣ ይደረድራል። አያቀልጣቸውም። ከሩቅ ሲታይ ከአውሮፕላን የተቃኘ የእርሻ ማሳ ይመስላል፤ ቀረብ ሲሉ ሽቦው ሽቦ፣ ቁልፉም ቁልፍ ነው። «መልሶ መጠቀም» የሚለው ስም ለዚህ ሥራ ይጠበዋል፤ ዕቃው ወደ ጥቅም አልተመለሰም፣ እንዲታይ ቆመ እንጂ።

ሆኖም እዚህም ጉድለት አለ። የኤልያስ ሥራዎች በ2022 የቬኒስ ቢዬናሌ ላይ ቀርበዋል፤ ታላላቅ ሙዚየሞችም ገዝተዋቸዋል። ከሥራው አጠገብ የሚለጠፈው ጽሑፍ የሠዓሊውን ስም፣ ዓመቱንና ቁሱን ይዘረዝራል፤ ቁሱን ከየደጁ የለቀመው ሰው ግን በዝርዝሩ የለም። በዚህ ሠዓሊውን አልወቅስም፤ የእኛ የታሪክ ክፍሎችም ቢሆኑ የቆራሌውን ቃል መመዝገብን እንደ ሥራ አልቆጠሩትም።

ስለዚህ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ለምትፈልጉ ሁለት ሐሳብ አለኝ። አንደኛው፣ ቀለሆቹ ከመቅለጣቸው በፊት ግርጌያቸውን ፎቶ ማንሣት ነው፤ ስልካችሁ ይበቃል። ሁለተኛው የየካን ቆራሌዎች ማነጋገር ነው። ለዚህ ግን በማለዳ ተነሡ፤ ጆንያው ከሞላ በኋላ ቆሞ የሚያወጋችሁ አታገኙም።