«ገዳም» ስሕተት የነበረበት ዘመን

እስቲ የደብረ ወርቅ ማርያምን መጻሕፍት በኮምፒውተር እንመዝግብ እንበል። በፐርል ቋንቋ መረጃውን በጥንድ በጥንድ እናስቀምጣለን፤ ስሙ «ገዳም»፣ ይዘቱ «ደብረ ወርቅ»። ወደ ኤክስኤምኤል ሲቀየር ስሙ ታግ ይሆናል፣ ይዘቱ በታጉ መሐል ይገባል። ቀላል ነው አይደል?

አልነበረም! ኤክስኤምኤል እ.ኤ.አ. በ1998 ሲወጣ ለታግ ስም የሚፈቀዱትን ፊደላት ከዩኒኮድ 2.0 ወስዶ ዝርዝሩን ዘጋው። የግዕዝ ፊደል ደግሞ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999፣ ከ3.0 ጋር ነው። ስለዚህ «ደብረ ወርቅ» በይዘትነት ያልፋል፤ «ገዳም» የሚል ታግ ካለ ግን አንባቢው ፕሮግራም ፋይሉን በሙሉ ስሕተት ነው ብሎ ይመልሰዋል። መፍትሔው? «ገዳም»ን በላቲን ፊደል መጻፍ። ክመርና ሞንጎልኛም እንደኛው ደጅ ቀርተው ነበር።

በ2004 ኤክስኤምኤል 1.1 በሩን ከፈተ፤ ብዙ ተጠቃሚ ግን አላገኘም። በ2008 የ1.0 አምስተኛ እትም ራሱ ሕጉን አላላው።

ማንም በክፋት አልከለከለንም። ዝርዝሩ ሲዘጋ ስማችን አልተመዘገበም ነበር፣ በቃ። ሕጉ ከተነሣ በኋላም ግን «ገዳም»ን በላቲን የምንጽፍ ስንቶቻችን ነን? ይኼኛው የኛው ልማድ ነው።